ሽማግሌ ያካፈለው ኢሜይል

ውባንቺ የገዛ ቃሏን በሌላ ሴት አፍ የሰማችው ሹሩባ ልትሠራ ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ለሠሪዋ አስረክባ ሳለ ነው። ከኋላዋ ተራ ከሚጠብቁት አንዷ ሞባይሏን አውጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰማዩ ከጽጽቃ በኩል ጠቁሮ ሳየው፣ ይህ ዝናብ አንቺን አይቶ የመጣ ነው ብዬ ደጅ ወጥቼ ቆምኩለት» ብላ አነበበች። አንዲት ሴትዮ፣ «ወይ መታደል፤ የኔውስ መብረቅ ቢመታው እንኳ አይነግረኝም» አለች። ውባንቺ ዞራ እንዳታይ ጠጉሯ በሰው እጅ ነው። ዝናቡ የሷ ነው፤ ደጅ ወጥታ የቆመችውም እሷ ናት፤ የጻፈችውም ከብዙ ዓመት በፊት ለየሻምበል፣ አምና በሽማግሌ ለተለየችው ባሏ ነው። ልጅቱ ስልክ ልታናግር ወጣ ስትል ሹሩባ ሠሪዋ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችላት። አገኘሁሽ ትባላለች፤ ጽጽቃ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ለሥልጠና ሰቆጣ መጥታ ነው፤ ጾም ሳይገባ ደግሞ የሻምበልን ልታገባ ነው። እንግዲህ ለሰነፍ ሰው እግዜር ሲያመቻችለት ማየት ነው። ያኔ ጽጽቃ የነበረው የሻምበል ነበር፤ አሁን አዲሷ እጮኛ ጽጽቃ ተገኘችለትና የአገሩን ስም ለመቀየር እንኳ ሳይደክም፣ አንተ የሚለውን ብቻ አንቺ እያደረገ፣ የድሮ ሚስቱን ቃል እንዳለ እየገለበጠ ይልክላታል። ውባንቺ የግማሽ ራስ ሹሩባ ይዛ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር።

ቃሉ እንዴት እሱ እጅ ገባ ያላችሁ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ሲተጫጩ የሻምበል ጽጽቃ የከብት ሐኪም ነበር፤ ስልክ ለመደወል ጉብታ ላይ መውጣት ነበረበት፤ በቢሮው ኮምፒውተር ግን ኢሜይል ሲቀናው ይገባል። ታዲያ አንድ ሥጋ ሊሆኑ የተቃረቡ ሰዎች ሁለት አድራሻ መያዛቸው ሁለት ጎጆ እንደ መቀለስ መሰላቸውና አንድ አካውንት በሱ ስም ከፈቱ። እሷ ሰቆጣ ሆና ከዚያው አድራሻ ወደዚያው አድራሻ ትልካለች፤ እሱ ጽጽቃ ሆኖ ያንኑ ከፍቶ ያነባል፤ መልሱንም እዚያው ያስቀምጥላታል። ተጋብተውም እሱ ለሥራ በየወረዳው ሲዞር በዚሁ ቀጠሉ። ሲፋቱ ቤቱ፣ ላሟ፣ ፍራሹ ሁሉ ለሁለት ሲከፈል ኢሜይሉን ያስታወሰ የለም፤ የሻምበል ብቻ በማግስቱ ፓስወርዱን ቀየረ። ከሹሩባው በኋላ ውባንቺ ሽማግሌዎቹን ደጅ ጠናች። ሐሙስ ዕለት መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ግቢ ተሰበሰቡላትና አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተከራከሩ። መልእክት የጻፈው ሰው ንብረት ነው ወይስ የተጻፈለት? የሻምበል ተነሥቶ፣ ለሠርጓ የሰጣትን ሐብልና ቀሚስ መልሺ እንዳላላት፣ እሷም የሰጠችውን ቃል መልስ ልትለው እንደማይገባ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ነገሩ ልክ መሰላቸው። እናም የተጻፈለት ይውሰድ ብለው ፈረዱ። እሱ ለሷ የጻፈው የሷ፣ እሷ ለሱ የጻፈችው የሱ። ቅዳሜ አንድ ቀን ተሰጣት፤ ድርሻዋን ወደ ራሷ አካውንት ታዛውራለች፤ ከራሷ ጽሑፍ አንዷን እንዳትወስድ፣ እንዳትገለብጥ፣ እንዳታጠፋ በኪዳነ ምሕረት ተገዘተች። መሪጌታም አጠገቧ ቁጭ ብለው ይቆጣጠሩ ተባለ። መሪጌታ የየሻምበል የእናቱ ወንድም ናቸው።

ቅዳሜ ጧት ከተከራየቻት ክፍል ስትወጣ አከራይዋ እማማ ወለተ ሰንበት በሩ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንዲት ዱካ፣ አንድ የብረት ሣጥንና ክዳን የሌለው መሶብ ይዛለች፤ ሽማግሌዎቹ እኩል ይሁን ብለው ክዳኑን ለየሻምበል ሰጥተውታልና። እማማ ኪራይ የጨመሩባት ኅፍረት ገና አልለቀቃቸውም፤ ስለዚህ ሰሞኑን ባዩዋት ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቋታል። ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ እንደ ላም ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚነዳ ጠየቋት። ሳያዩት ገብቶ ሳያዩት እንደሚወጣ ነገረቻቸው። በዋግ አገውኛ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙና እንዝርታቸውን አሾሩ። ውባንቺ ኽምጣኛ ትሰማለች፤ ያሉት ስለ የሻምበል ነው፤ እዚህ ባይጻፍ ይሻላል።

የጥሩሐረግ ፎቶ ኮፒ ቤት መናኸሪያው አጠገብ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ለተገልጋይ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ግድግዳው ላይ «ኔትወርክ ሲጠፋ ሰዓት አይቆጠርም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጥሩሐረግ የውባንቺ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት፤ ሐሙስ የተፈረደውን ዓርብ ጧት ሰምታ፣ እስከ ዓርብ ማታ ለከተማው ግማሽ አዳርሳዋለች። ገና ስትገባ አዲስ አካውንት ከፈተችላት፣ ሞባይሏም ላይ አስገባችላት፤ በራሷ በውባንቺ ስም፣ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ። ባዶ ነበር፤ እንኳን ደህና መጣሽ ከሚል ከማንም ካልሆነ አንድ መልእክት በቀር። መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና፣ የሻምበል ፓስወርዱን የጻፈበትን ብጣሽ ከጥምጣማቸው እጥፋት ውስጥ አወጡ። ጥሩሐረግ ስትነካካ ቆየችና፣ የድሮውን ከነጭራሹ ወደ አዲሱ ማዛወር ቀላል እንደሆነ፣ እዚህ አንዴ ካዘዙት ኮምፒውተሩ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጋዝ እንደሚያድር፣ መለያየት ከተፈለገ ግን አንድ በአንድ እየለቀሙ መላክ እንደሆነ አስረዳች። መሪጌታ ይለቀም አሉ። ቀጥለውም፣ የተዛወረው ከዚህኛው ይጠፋል ወይ ብለው ጠየቁ። ካላጠፉት በሁለቱም ቦታ እንደሚኖር ስትነግራቸው ከልባቸው ደነገጡ። ወስጄዋለሁ ተብሎ እዚያው የሚገኝ ዕቃ ያዩት በታምር መጽሐፍ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ፤ ስለዚህ ውባንቺ ድርሻዋን በላከች ቁጥር ከዚህ እንዲጠፋ፣ የየሻምበል ድርሻ ግን እንዳይነካ አዘዙ።

ሥራው ተጀመረ። ሁሉም መልእክት ላኪውም ተቀባዩም አንድ አድራሻ ስለሆነ እየከፈቱ ማንበብ ግድ ሆነ፤ ማንበቡ ደግሞ የዳኛው ሥራ ነው ተብሎ መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። የመጀመሪያዋ የውባንቺ ነበረች። የዐሥራ ሁለት ቀን ናፍቆት፣ የጎረቤት ውሻ፣ ሲነጋ የሚሰማ የቅዳሴ ደወል፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ሁለተኛዋን ሲያነቡ ድምፃቸው ቅኔ ማኅሌት እንደ ቆመ ሰው ሆነ። ሦስተኛዋ ላይ ከማን እንደተማረች ጠየቋት። ከአባቷ ነበር፤ ከመሪጌታ ዓለምነህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ ልጅ ሆና ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ ጥግ ይዛ ስትሰማ ያደገች ናት። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ዓለምነህን ያውቋቸዋል፤ አንድ ላይ ለምነው ተምረዋል። ከዚያ በኋላ የውባንቺ ሆና በግልጽ የምትታየውን ሁሉ ሳይቀር፣ «እስቲ ለማረጋገጥ» እያሉ እስከ መጨረሻዋ ያስከፍቷታል። ጥሩሐረግ ማተሚያዋን አጥፍታ መጣች። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ የመጣ ሰው ወረቀቱን እንደያዘ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የመጣበትን ረሳ። ውባንቺ ግን የሚያስደስታት አልሆነም። አንዷ ባለቀች ቁጥር ያቺም ለሱ ተቀመጠች ማለት ነው፤ ያቺም ማታ ተገልብጣ ወደ ሌላ ሴት ትሄዳለች። እንባዋ እንዳይታይባት መስኮት መስኮት ታያለች።

የየሻምበል ተራ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። መሪጌታ ያንኑ የቅኔ ድምፃቸውን ይዘው ገቡበት። «ውባንቺ ሰላም ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። በሶ አልቋል። ላኪ።» ገጹን ወደ ታች ገፉት፤ የለም፣ ይኸው ነው። ቀጣዩን ከፈቱ። «ኢሜይልሽ ደርሶኛል። ረጅም ነው። ቅቤውን ግን ሹፌሩ አላመጣም።» ሌላም አለ። «ከላክሽው ካልሲ አንዱ ቀዳዳ ነው። ጥንዱን ላኪ።» እንዲሁ እየተባለ በዓመታት ላይ ዓመታት ተቆለሉ፤ በሶ፣ ቅቤ፣ ካልሲ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ እናቴ ልትመጣ ነውና ደህና አድርገሽ ያዣት። የመሪጌታ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። የእህታቸው ልጅ ነውና ሊሥቁ አይችሉም፤ ሽማግሌ ናቸውና ሊያዝኑም አይገባቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ። ፎቶ ኮፒ ፈላጊው ሰውዬ ግን ማንም ዳኛ አላደረገውምና እንደ ልቡ ሣቀ።

ስድስት ሰዓት ላይ መሪጌታ ጸሎታቸውን ሊያደርሱ ወጣ አሉ። ጥሩሐረግ ወዲያው ተንደርድራ መጥታ አይጧን ያዘች፤ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የውባንቺን ሁሉ ወደ አዲሱ አካውንት ልታጋዘው፤ ማን ያያል? ውባንቺ እጇን ያዘቻት። የተገዘተችው በኪዳነ ምሕረት ነው፤ ዓመት በዓመት የምታነግሣትን ታቦት ለየሻምበል ብላ አታስቀይምም። ጥሩሐረግ ተናዳ፣ እንዲህ ከሆነ በሶና ካልሲሽን ይዘሽ ሂጂ አለቻት። ውባንቺም በሶና ካልሲዋን ልትልክ ተመቻችታ ስትቀመጥ፣ በተላኩት መልእክቶች መደርደሪያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ፣ አንድ አድራሻ አየች። አገኘሁሽ። ስንፍናው ወሰን የለውምና የሻምበል ለአዲሷ እጮኛውም የሚጽፈው ከዚያው ከድሮው አካውንት ነው። ውባንቺ አድራሻውን ፈዝዛ አየችው። ከዚያ ጧት ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው ፈገግታዋ በአፏ አንድ በኩል ብቅ አለ። ጥሩሐረግ ይህን ፈገግታ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ያኔም መምህር ያስጠራ ነበር። ውባንቺ መሪጌታ ተመልሰው እስኪቀመጡ ጠበቀች።

«መሪጌታ» አለቻቸው ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ድርሻዬ ከሆነ በኋላ እንደ ፈለግሁ አደርገዋለሁ?»

«የራስሽ ነው፣ ልጄ።»

«ለሰው ብሰጠውስ? ስጦታ።»

«በገዛ ንብረትሽ ማን ይከለክልሻል» አሉ መሪጌታ፤ የበሶውን ክምር ይዛ የትም ብትሄድላቸው ደስታቸው ነበርና።

ውባንቺ የአገኘሁሽን አድራሻ ተቀባይ ብላ ጻፈች። መጀመሪያ በሶው ሄደ፤ ከዚህ ጠፋ። ቅቤው ሄደ፤ ጠፋ። ካልሲው፣ ባትሪው፣ የእናቲቱ መምጣት፣ እንዲሁም በኋለኞቹ ዓመታት የተጻፉት፣ «የት ነው ያለሽ» እና «እራት ብዪ አምሽቼ እመጣለሁ» የሚሉት ሁሉ ተራ በተራ ተሰናበቱ። ጥሩሐረግ ከንፈሯን በጥርሷ ይዛ ከኋላ ቆማለች። ኔትወርኩ እንኳ ያን ቀን አንዴም አልተቋረጠ፤ አግዞ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል። ከሰዓት በኋላ ድርሻዋ ተሟጦ ሲያልቅ መሪጌታ ስጦታው ለማን እንደሄደ ጠየቁ፤ ለነገሩ ሳይሆን ለወጉ ያህል ነው። ውባንቺ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ስበው እስከ ዐይናቸው ተከናነቡ። ይቆጣሉ ብላ ስትጠብቅ፣ ከጋቢው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። ቆይተው ብቅ ሲሉ ፊታቸውን ወደ ዳኝነቱ መልሰውት ነበር። ግዝቱ ይህን እንደማይከለክል በአጭሩ ተናገሩና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ከሄዱ በኋላ በሩ ላይ ተመልሰው አንገታቸውን ብቻ አስገብተው፣ ያቺ የቅዳሴ ደወሏ እንዴት ነበር የምትለው ብለው ጠየቁ። በቃሏ አለችላቸው።

ወደ ቤቷ ስትወጣ ግን ሣቋ መንገድ ላይ አለቀባት። ዳገቱን ስታጋምስ ልጅቱ ትዝ አለቻት፤ ሹሩባ ቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያነበበችው። እሷ ምን አደረገችኝ? አለች በልቧ። ባሌን አልነጠቀችኝ፤ ራሴ ነኝ ትቼው የወጣሁት። ተሞሽራ ልትገባ ቀን የምትቆጥር ሴት፣ በእኔ ተንኮል ዛሬ ስታለቅስ ታመሻለች፤ ሠርጉም ይፈርሳል፤ ቃሌ ግን እንደሆነ እዚያው ቀርቷል። የተደረገው ሁሉ ራሷን ምን እንደጠቀማት ስታስበው ምንም አላገኘችም። አፈረች። ቤቷ ገብታ ቀሚሷን ሳትቀይር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሞባይሏን ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ ዐይኗን ከሱ ማንሣት አልቻለችም። የሻምበል ደውሎ ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች። አልደወለም።

ጀምበር ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። እማማ ወለተ ሰንበት እንግዳ ይዘውላት መጥተው ነው፤ ከነነጠላዋ፣ በዚያው ሰሞን በተሠራ ሹሩባዋ፣ አገኘሁሽ። ውባንቺ ብድግ ብላ ያለቻትን አንዲት ዱካ ሰጠቻት፤ ራሷ መልሳ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እማማ የሚሄዱ መስለው በሩ ላይ እንዝርታቸውን አነሡ። ልጅቱ ክዳን የሌለውን መሶብ ታያለች፤ ክዳኑን የት እንዳየችው ታውቃለች፤ ግን አላነሣችም።

«የላክሽልኝ ደርሶኛል፣ እትዬ ውባንቺ» አለች በመጨረሻ።

«በክፋት ነው የላክሁልሽ» አለች ውባንቺ። «ቅር በይኝ፣ ሐቅሽ ነው።»

አገኘሁሽ ቅር አላለችም። መሬት መሬት እያየች፣ ቃል እየመረጠች፣ ሆዷን ዘረገፈችላት። የገበሬ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ውስጥ ሰው የሚናገረው ሲያስፈልግ ነው። የሻምበል ያጫት ጊዜ ደስ ብሏት ነበር፤ ዝምተኛ፣ ለከብት የሚራራ ሰው መስሏታል። ከዚያ ያ ኢሜይል ይመጣባት ጀመር። ዝናቡ፣ ደወሉ፣ ናፍቆቱ። ሞባይሏን ይዛ ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል እያለች እንቅልፍ አጣች። ሹሩባ ቤት ያነበበችውም ልትኮራ አልነበረም፤ ከሴቶቹ አንዷ መልስ ብታበድራት ብላ ነው፤ ሁሉም ታድለሽ ብለዋት ሄዱ። በየቀኑ እንዲህ ከሚናገር ሰው ጋር ዕድሜ ልክ መኖር እንደማትችል ቆርጣ፣ ሠርጉ ይቅርብኝ ብላ ወደ ቤተሰቦቿ ሰው ልትልክ ነበር፤ ነገ። ዛሬ ሥልጠና ላይ ተቀምጣ ሞባይሏ ሲንጫጫ ከፈተችው። በሶ አልቋል ይላል። አሠልጣኙ ፊት ሣቋ አመለጣትና ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ውጭ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ውባንቺ የሚለው ስምና ሠልጣኞቹ የሚያወሩት የሐሙስ ፍርድ ሲገጣጠሙላት፣ ዝናቡና ደወሉ የማን እንደነበሩ ገባት፤ በመጨረሻ ከላይዋ ሸክም የወረደላት ያህል ሆነች። በሶ የሚጠይቅ ሰው ታውቃለች። አባቷም ወንድሞቿም እንዲሁ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር አይጠፋትም።

ውባንቺ ሠርግ ላፍርስ ብላ የወጠነችው ተንኮል ሠርጉን አጸናው ማለት ነው። ሣቅ መጣባት፤ መልሳ ዋጠችው።

«እሱን እኔ እወስደዋለሁ» አለች አገኘሁሽ ቀና ብላ። «ቃሉን አንቺ ውሰጂ።»

ውባንቺ ግዝት እንዳለባት ነገረቻት። ልጅቱ ግን ይህንንም አስባበት መጥታለች፤ የሐሙሱ ፍርድ ሥልጠናው ቦታ ድረስ ደርሷልና። ለሷ የተላከ የሷ ነው፤ የሷ የሆነውን ደግሞ ለወደደችው ትሰጣለች፤ ሽማግሌ ራሱ ያለው ነው። ውባንቺ አልወሰደችም፤ ተሰጣት እንጂ። የቀሩትስ፣ ገና ያልገለበጣቸው? ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁሽ ፈገግ አለች። እነሱን የሻምበል ራሱ ያመጣቸዋል አለች። ማታ ማታ አንዳንድ ይልካል፤ ከሠርጉም በኋላ ቢሆን ካልጻፍክልኝ ብላ ታኮርፈዋለች፤ እሱ እየገለበጠ፣ እሷ እያሻገረች፣ ጎተራው እስኪራገፍ። የውባንቺን አዲሱን አድራሻ ከጥሩሐረግ ተቀብላ ኖሯል የመጣችው። ሞባይሏን አውጥታ ላክ የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሠርጌ ላይ ብጠራሽ ሰው ምን ይላል ብላ ጠየቀች። ሰው የሚለውን ሁለቱም ያውቁታልና ተሳስመው ተለያዩ።

ሣጥኑ ላይ ያለው ሞባይል ጢን አለ። ከዚያ ደገመ። ከዚያ ሠለሰና ብረቱን እያንቀጫቀጨ፣ እየተሳበ፣ ወደ ሣጥኑ ጠርዝ ሄደ። ውባንቺ ሳይወድቅ ያዘችው፤ መክፈት ግን አልደፈረችም፤ መዳፏ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፤ ቀኑን ሙሉ ያገደችው እንባዋ አሁን ያለ ከልካይ ወረደ። እማማ ወለተ ሰንበት እንዝርታቸውን አቁመው አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ማነው እንዲህ አጥብቆ የሚፈልግሽ?»

ውባንቺ አፍንጫዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች።

«እኔው ነኝ፣ እማማ» አለች።